የጦጣ ስንጣሪ ወይስ የሰው እጅ ሥራ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ) ምርምሬ ብራዚል፣ ሴራ ዳ ካፒቫራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚኖሩ ካፑቺን ጦጣዎች ላይ ነው። እነዚህ ጦጣዎች የካሹ ፍሬ በድንጋይ ይሰብራሉ፣ አፈርም በድንጋይ ይቆፍራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ድንጋይን በድንጋይ ቀጥቅጠው ብናኙን ይልሳሉ (ምን እንደሚጥማቸው እነሱን ጠይቁ!)።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህኛው ነው። ሲቀጠቅጡ ከድንጋዩ ስለታም ስንጣሪዎች (ቀጫጭን ስባሪዎች) ይወድቃሉ። ጦጣዎቹ ለመቁረጫ ሲጠቀሙባቸው አልታየም። ግን በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ስንጣሪዎቹ የጥንት ሰዎች ከሠሯቸው ጋር ይመሳሰላሉ። እኛ አገር አፋር፣ ጎና ላይ የተገኙት መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ንጽጽሬም ከነሱ ጋር ነው።

የተቸገርኩት የጦጣውን ከሰው ሥራ በመለየቱ ላይ ነው። ከጦጣዎቹ መቀጥቀጫ ቦታ የሰበሰብነውን ስብርባሪ እኔና ባልደረባዬ ለየብቻ ስንመድበው ውጤታችን አይገጥምም። ርዝመት ለካን፣ ውፍረት ለካን፣ የጠርዙንም ማዕዘን ለካን። ወፍ የለም። አለቃዬ ደግሞ ቁርጥ ያለ መስፈርት ትፈልጋለች።

በጎናም ሆነ በሌላ ቦታ የድንጋይ መሣሪያ የመደባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ከአንድ ድንጋይ ላይ በተከታታይ የተነሡትን ስንጣሪዎች መቁጠር ያዋጣል? ስብርባሪውን መልሶ መገጣጠምስ ለድካሙ ይበቃል? አዲስ አበባ ያለውን የጎና መሣሪያዎች ስብስብ በአካል ለማየት ፈቃዱ ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ ካለም ይጠቁመኝ። ፎቶና የልኬት ሠንጠረዡን ለሚፈልግ ወዲያው እልካለሁ።