ፊልሙን አይተን መጽሐፉን ልንጀምር ነው፤ ለልጅ ይከብድ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከ11 ዓመት ልጄ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውንና ሃሪሰን ፎርድ የተወነበትን «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ» የተባለ ፊልም አየን። ልጄ፣ ከሞቀ ቤቱ ተሰርቆ ወርቅ ፈላጊዎች በሚተራመሱበት የሰሜን በረዶ ጋሪ እንዲጎትት የተሸጠውን ውሻ፣ ባክን፣ እጅግ ስለወደደችው «መጽሐፉን ካልገዛህልኝ» ብላ ይዛኛለች። ታሪኩ ከፊልሙ ጋር አንድ ነው? ሙሉውን ልግዛላት ወይስ ለልጆች አጥሮ የተዘጋጀውን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጽሐፉ ከፊልሙ ይልቅ ጨካኝ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት። በፊልሙ ስፒትዝ የተባለው መሪ ውሻ ተሸንፎ ይሄዳል፤ በመጽሐፉ ግን ባክ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን ይሰብርና ዙሪያውን ከበው የሚጠባበቁት ውሾች ይጨርሱታል። የባክ የመጨረሻ ጌታ የጆን ቶርንተን አሟሟትም የተለየ ነው፤ በፊልሙ ገዳዩ ሃል የተባለ ወርቅ ፈላጊ ሲሆን በመጽሐፉ ዪሃት የተባሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም አጥሮ የተዘጋጀውን እንዲገዙ አልመክርም፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ሰባት ምዕራፍ ብቻ ያለው አጭር ሥራ ነው፤ ሲያሳጥሩት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው እኔ አብልጬ የምወደው ክፍል ይመስለኛል። ዴቭ የተባለው ውሻ ታሞ ከጋሪው ሲፈታ ቦታውን ለሌላ መልቀቅ እንቢ ይላል፤ የተተካበትን ውሻ ማሰሪያ በጥርሱ በጥሶ በቀድሞ ስፍራው ይቆማል፤ ነጂዎቹም አዝነውለት እንደገና ያስሩታል። እንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. የ1903 በመሆኑ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች አሉትና አብረዋት ያንብቡ። የቅጂ መብቱ ዘመን ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ያገኙታል፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ምዕራፍ ይሞክሩ።

መልስ 3፦ ደራሲው ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1897 ራሱ ወርቅ ፍለጋ በሰሜን ካናዳ ወደሚገኘው ክሎንዳይክ ወርዶ እዚያ ስለከረመ ብርዱን ከወሬ አልጻፈውም። ባክ 50 ፓውንድ የሚመዝኑ 20 የዱቄት ጆንያዎች የተጫኑበትን፣ ከበረዶው ጋር የተጣበቀ ጋሪ፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ ስቦ እንዴት እንደሚያላቅቀው ሲደርሱ ልጅዎ ያንን ገጽ ደግመው እንዲያነቡላት እንደምትጠይቅ አልጠራጠርም።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙሉውን አውርጃለሁ። ቀይ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ ባክን በዱላ የሚደበድብበትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ዛሬ ማታ ብቻዬን አንብቤ፣ ነገ ከእርሷ ጋር እጀምራለሁ።