አስቸኳይ፦ ዋስትና ላይ ያለ አዲስ መኪና የሞተር ዘይቱ ጎድሏል፤ ኮምቦልቻ ላይ ምን ልጨምር?

ጠያቂ፦ የባቲ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። መኪናው አዲስ ነው፣ ዋስትናው አላለቀም። አሁን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ አቁሜ ዘይቱን ስለካው ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ አገኘሁት። ነገ ሌሊት 10 ሰዓት በባቲ አድርጌ ወደ ሚሌ መውጣት አለብኝ። ዕቃው ተጭኗል። የገዛንበት ድርጅት ስልክ አያነሳም፣ እሑድ ነው።

ዘይት የሚሸጠው ልጅ «ለአፋር ሙቀት 20-50 ነው የሚያዋጣህ» አለኝ። አባቴ ጋ ስደውል «40 ቁጥር ጨምርበት፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን በሱ ነው የነዳነው» አለ። ረዳቴ ደግሞ ሌላ ዘይት ከተደባለቀበት ዋስትናው ይፈርሳል ብሎ ልቤን አወለቀው። የማንን ልስማ? መኪናው የቤተሰብ ነው፣ የባንክ ብድር አለበት። ሞተሩ ከተነካ አለቀልን።

ጦሳ ሥር

አብሽር ወንድሜ። ግን እኮ የመኪናውን ዓይነት እንኳ አልነገርከንም፤ ባጃጅ ይሁን ተሳቢ በምን እንወቅ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ቀይ መብራት በርቷል? ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ጋቢና ውስጥ አለ ወይስ አዲስ አበባ ቀርቷል? እነዚህን መልስልንና እንረዳሃለን።

ቶሎ መልስ

15-40 ጨምርና ሂድ።

የድሮ መካኒክ፣ ደሴ

ልጄ፣ ተረጋጋና አንብበኝ። ትንሽ ይረዝማል።

ዘይቱ ጋሎን ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል። ሰው ሁሉ አንዱን ብቻ አይቶ ይገዛል። የመጀመሪያው ውፍረቱ ነው፤ 15ደብሊው-40፣ 20ደብሊው-50 የሚባለው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይነግርሃል። ቁጥሩ ሲያንስ ጠዋት ሞተር ስታስነሳ ዘይቱ ቶሎ ላይ ይደርሳል። ኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ከጋለ በኋላ ያለውን ውፍረት ነው የሚያሳየው፣ የሚለካውም 100 ዲግሪ ላይ ነው። አባትህ የሚሉት 40 ቁጥር ሲግል ከ15-40 ጋር ያው ነው። ብርድ ላይ ግን ይወፍራል። በእሳቸው ጊዜ የነበሩት ሞተሮች ይችሉት ነበር።

ሁለተኛው ደረጃው ነው፤ ዋስትናህም ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋሎኑን አዙርና ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም የሚያወጣው ደረጃ ነው) የሚለውን ፈልግ። በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፣ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን። ሲኤፍ-4 በፈረንጆቹ 1990 የወጣ ነው። ሲኤች-4 በ1998 መጣ፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 ደግሞ በ2016 መጨረሻ። ሲአይ-4 የመጣው የጭሱ ጋዝ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሞተር የሚገባባቸው መኪኖች ስለበዙ ነው። እነዚህ ሞተሮች ዘይቱን በጥላሸት ይሞሉታል። አሮጌው ደረጃ ያን ሁሉ ጥላሸት አይሸከምም።

እና ሱቁ ውስጥ ሁለት ጋሎን ጎን ለጎን ታገኛለህ። ሁለቱም 15-40 ናቸው። አንዱ ሲኤፍ-4 ነው፣ ሌላው ሲአይ-4። ሻጩ «ያው ነው፣ ይሄኛው ይረክሳል» ይልሃል። ያው አይደለም! ዋስትና የሚነካው እዚህ ላይ ነው፣ በማርካ አይደለም።

ሐረጎ ላይ

እኔ ከጥያቄው መነሻ አልስማማም። ዘይቱ በእርግጥ ጎድሏል? የት አቁመህ ለካኸው? ደረቅ ወደቡ አካባቢ ጎማ የሚያዘነብል ቦታ ሞልቷል። ደግሞ ሞተሩን እንዳጠፋህ ወዲያው ከለካህ ዘይቱ ገና ላይ ነው፣ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው፣ አልወረደም። ሜዳ ላይ አቁም። አጥፍተህ ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ጠብቅ። መለኪያውን አውጥተህ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ እስከ መጨረሻው መልሰህ አስገባው፣ ከዚያ አውጥተህ አንብብ። ጨርቁ ክር የሚተው እንዳይሆን።

ሌላም አለ። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ትንሽ ዘይት ይበላል፣ ይሄ ያለ ነው። ብዙ ከጎደለ ግን መጨመር ብቻውን መልስ አይሆንም። ከሥር ግባና ኮፓውን እይ። ማፍሰሻ ቡሎኑ ላቡን አውጥቷል? ፊልትሮው ዙሪያ እርጥበት አለ? ጭሱ ሰማያዊ ነው? መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል? ወተት መስሎ ነጥቷል? ከሸተተ ወይም ከነጣ በፍጹም አትንዳ።

ቶሎ መልስ

ያልኩት እኮ 15-40 ነው።

ጠያቂ፦ የባቲ መንገደኛ

አላህ ይስጣችሁ። መጽሐፉን አገኘሁት። «ኤፒአይ ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ፣ 15ደብሊው-40» ይላል። መካከለኛ የጭነት መኪና ነው። ስሙን የማልጽፈው ከድርጅቱ ጋር ነገር እንዳይሆን ነው። 4,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ አልፏል፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ 5,000 ላይ ነው የተባልነው። አድብሉ የሚባለው፣ ጭሱን ለማጥራት የሚሞላው ፈሳሽ ታንከር የለውም። መብራት አልበራም።

ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ጠብቄ ደግሜ ለካሁት። ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ታችኛው ምልክት ላይ ነው። አይሸትም፣ ቀለሙ ግን ጥቁር ነው። ሻጩ አሁንም 20-50 እያለኝ ነው።

የድሮ መካኒክ፣ ደሴ

ጥቁረቱ አያስደንግጥህ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን ይዞ መዞር ሥራው ነው።

አፋር በር

እኔ ሻጩን ነው የምደግፈው። ሚሌንና ሎጊያን በግንቦት ነድታችሁታል? መሬቱ ራሱ ይተነፍስብሃል። እዚያ ቀጭን ዘይት ውሃ ሆኖ ነው የሚቀረው። ብዙ ሹፌሮች ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ 20-50 ነው የሚያደርጉት፣ መኪናቸውም ይሄዳል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አፋርን አያውቃትም።

የድሮ መካኒክ፣ ደሴ

ወንድሜ አፋር በር፣ ሙቀቱን አልክድም። ግን ሞተሩ የሚሠራበትን ሙቀት የሚወስኑት ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ ናቸው። እነሱ ጤነኛ ከሆኑ ውጪው 30 ሆነ 42፣ ውስጡ ያን ያህል አይለያይም። መጽሐፉ ውስጥ የአየር ሙቀት ሰንጠረዥ አለ። ባየኋቸው የናፍጣ መኪና መጻሕፍት ውስጥ 15-40 ከ40 ዲግሪ በላይም ይፈቀዳል። ልጃችን ያንን ገጽ ያንብብ።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። ይህ መኪና ሚሌ ላይ ተቀምጦ አይቀርም። ደሴ ይወጣል፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ጣርማ በር ላይም ያድራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሞተር ስታስነሳ ወፍራም ዘይት ቱርቦው ጋ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ጋ፣ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ቱርቦው ግን አይጠብቅም፣ ይሽከረከራል። በደረቁ የሚበላው ያኔ ነው። መኪናው ዋስትና ላይ ባይሆን እንኳ መጽሐፉ ያላለውን አልጨምርም ነበር።

አፋር በር

እሺ ጋሼ፣ ስለ ቱርቦው ያሉት ገብቶኛል። ለአሮጌ መኪና ግን ሐሳቤን አልቀይርም።

ዘይት በጅምላ

ሁሉም ዓይነት ዘይት አለን። ከሱቅ ዋጋ በግማሽ። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ሐረጎ ላይ

በግማሽ ዋጋ ዘይት ማንም አይስጥህ ወንድሜ። ባዶ ጋሎን እየተሰበሰበ፣ የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ ተሞልቶ ይሸጣል። ስትገዛ የክዳኑን ማኅተም እይ። ቀለበቱ ካልተቆረጠ፣ ከሥሩ ያለው ፎይል ካልተነካ ጥሩ ነው። የምርት ቁጥሩ ጋሎኑ ላይ የታተመ ይሁን፣ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ አይላቀቅ። ከታወቀ ማደያ ብትገዛ ይሻላል። ስትጨርስ ጋሎኑን በቢላ ብሳው፣ ሌላ ሰው እንዳይታለልበት።

የመኪኖቹ እህት

ወንድሜ፣ ስለ ዘይቱ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርህ። የወንድሞቼን መኪኖች ሰነድ የምይዘው እኔ ነኝ። ክርክር ሲመጣ የሚያድንህ ወረቀት ነው።

ከመጨመርህ በፊት የዋስትናውን ደብተር ክፈት። «ይህን ደረጃ የሚያሟላ ዘይት» ካለ የፈለግከውን ማርካ መጠቀም ትችላለህ፣ ደረጃው ብቻ ይሟላ። «ኩባንያው ያቀረበውን ዘይት ብቻ» ካለ ግን ሳይነግሩህ አትጨምር፣ ጉዞውን እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ግፋው። ጭነቱ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ከሞተሩ አይበልጥም።

ስልክ ባያነሱም አጭር መልእክት ላክላቸው። «የሰሌዳ ቁጥሬ ይሄ፣ የሻንሲ ቁጥሬ ይሄ፣ ኪሎ ሜትሩ ይሄን ያህል፣ ዘይቱ ታችኛው ምልክት ላይ ነው፣ በመጽሐፉ መሠረት ሲአይ-4 15ደብሊው-40 ልጨምር ነው» በልና ጻፍ። ቀንና ሰዓቱ ስልክህ ላይ ይቀራል። ከዚያ መለኪያውን ፎቶ አንሳ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አንሳ፣ ጋሎኑን ፊትና ኋላ አንሳ፣ የምርት ቁጥሩ ይታይ። ከጨመርክ በኋላ መለኪያውን እንደገና አንሳ።

ደረሰኙን የማሽን አድርገው። እጅ በእጅ ገዝተህ በብጣሽ ወረቀት አትውጣ። «የሞተር ዘይት» ብቻ ብሎ እንዳይቆርጥልህ፣ ስሙንና ደረጃውን ያስገባልህ። ደረሰኝ ማግኘት መብትህ ነው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጩን ያስገድደዋል። የማሽን ደረሰኝ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው።

ረዳትህ የሚለውን ደግሞ ተወው። ደረጃውን ባሟላ ዘይት ጎደሎ መሙላት ዘይት መቀየር አይደለም። ማፍሰሻውን ግን አትንካ፣ ፊልትሮውንም አትፍታ። ያ የሰርቪሱ ሥራ ነው።

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ ይሄን ጽሑፍ አትሜ ጋቢና ውስጥ ነው የምለጥፈው።

የቦርከና ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር። ሱቁ ውስጥ ሲኬ-4 ብቻ ካገኘስ? ሲኬ-4 ሲአይ-4ን ይተካል፣ «ወይም ከዚያ በላይ» የሚለው እሱን ያካትታል። ግን ሲኬ-4 የተሠራው ሰልፈሩ አነስተኛ ለሆነ ናፍጣ ነው። የሚሞላው ናፍጣ ሰልፈር ከበዛበት የመቀየሪያ ጊዜውን ማራዘም የለበትም። ኤፍኤ-4 የሚል ካየ ደግሞ አይንካው፣ እሱ ቀጭን ነው፣ ለአሮጌዎቹ ደረጃዎች ምትክ አይሆንም። መኪናው የጭስ ማጣሪያ ካለውም ነገሩ ይለያል፣ ያኔ መጽሐፉ አመዱ ያነሰ ዘይት ይጠይቃል።

የድሮ መካኒክ፣ ደሴ

ትክክል ብሏል። ልጄ፣ አጨማመሩንም ልንገርህ። ሙሉ ጋሎን አትገልብጥ። ግማሽ ሊትር ያህል ጨምር፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ለካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ሲል ይበቃሃል። ከላይኛው ካለፈ ክራንኩ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ብሮንዚን፣ ክራንኩ የሚዞርበትን ብረት፣ አያለሰልስም።

ባቲ ስትደርስ ቁምና ድገመው። ከባቲ በኋላ ቁልቁለቱ ብዙ ነው፣ ሞተር ፍሬን ትይዛለህ፣ ሞተሩ ይጮሃል። ባቲ ላይ እንደገና ጎድሎ ካገኘኸው ወደ ኮምቦልቻ ተመለስ፣ ወደ ሚሌ አትውረድ። የዘይቱ ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ እዚያው ጥግ ይዘህ ወዲያው አጥፋ። «እስከ ቀጣዩ ከተማ ልድረስ» ብሎ ነገር የለም።

ጠያቂ፦ የባቲ መንገደኛ

ደብተሩ «ደረጃውን የሚያሟላ» ነው የሚለው። መልእክቱን ልኬላቸዋለሁ። ከሥር ገብቼ አየሁ፣ ኮፓው ደረቅ ነው፣ ፊልትሮው ዙሪያ ግን ትንሽ አቧራ የያዘ ቅባት አለ። ማደያው ሊዘጋ ነው፣ ሄድኩ።

ሐረጎ ላይ

ያን ቅባት ጥረገው! አሁን ካልጠረግከው ባቲ ላይ አዲስ ይሁን የቆየ በምን ትለያለህ? ጠርገህ ፎቶ አንሳው። ፊልትሮውን ራስህ አታጥብቀው፣ ድርጅቱ ነው ማየት ያለበት። እየፈሰሰ ከሆነ ደግሞ በዋስትናው ያለ ክፍያ የሚሠሩልህ እሱን ነው።

ቶሎ መልስ

15-40 አገኘህ?

ጦሳ ሥር

የባቲ መንገደኛ፣ ሚሌ ገባህ? ሐሳብ ላይ ጥለኸን ጠፋህ። ኔትወርክ ስታገኝ አንድ መስመር ጻፍልን።

ሰኞ ገበያ

እኔም በዚሁ ልጠይቅ። ደሴ ነኝ፣ የኔም መኪና ዋስትና ላይ ነው፣ መጽሐፉ ሲአይ-4 ይላል። ቤት ውስጥ «ሲኤፍ-4/ኤስጂ» የሚል ያልተከፈተ ጋሎን አለኝ። ለናፍጣም ለቤንዚንም ይሆናል ተባልኩ። ልጠቀምበት?

የድሮ መካኒክ፣ ደሴ

ለሁለቱም ይሆናል ማለት ለአንተ ይሆናል ማለት አይደለም። የናፍጣ ደረጃው ሲኤፍ-4 ነው፣ ከሲአይ-4 በታች። ለዚህ መኪና አይሆንም። ማኅተሙ ካልተነካ ደረሰኙን ይዘህ ሂድና ሱቁ ይቀይርልህ።