ለዓመታት የቆመ ቮልስዋገን፦ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይት መድረሱ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ትተውልን ያለፉት እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ቮልስዋገን 1300፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ከስምንት ዓመት በላይ ቆሟል። ሲቆም ሞተሩ ደኅና ይሠራ ነበር። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ስመለከተው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል፤ ስለዚህም ዘይት አይጎድለውም ብዬ ነበር። የሰፈራችን መካኒክ ባትሪ ከቀየርን በኋላ በሌላ መኪና ጎትተን እናስነሣው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ግን ውስጡ ደርቆ ከሆነ ሞተሩ እንዳይነክስ (ብረት ከብረት ተያይዞ እንዳይቆም) ሠግቻለሁ። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1

ወንድሜ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ መኪናውን እንዳያስጎትቱት። ዘይት መኖሩና ዘይት መድረሱ ለየቅል ናቸው። መኪና ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ ከብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንጎች ከሚሽከረከሩባቸው ስስ የብረት ማቀፊያዎች) እና ከዘይት ፓምፑ ጥርሶች ላይ ቀስ በቀስ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ፓምፑ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዘይት ሳይሆን አየር ይገፋል። በጉተታ ሲነሣ ደግሞ ሞተሩ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ጫና ተሸክሞ በፍጥነት ይዞራል፤ ብሮንዚን የሚላጠው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል ያሉት ነገር አሳስቦኛል። የቆመ ሞተር ዘይት ከየትም አያመጣም። ዘንጉን መዝዘው ያሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይ የቤንዚን ፓምፑ ጎማ ተቀድዷል፣ ወይ የካርቡራቶሩ መርፌ አልዘጋ ብሏል ማለት ነው። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ምክንያቱ ተገኝቶ ካልተስተካከለ አዲሱም ዘይት ያው ይሆናል።

አሮጌውን ዘይት አፍስሱና የታችኛውን ክብ ክዳን ፍቱት። ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ስለሆነ በስምንት ዓመት የረጋው ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወንፊቱን በቤንዚን አጥባችሁ፣ ጓርኒሲዮኖቹን (ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገቡትን ስስ ማሸጊያዎች) ቀይራችሁ መልሱት። ክዳኑን የሚይዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ከ7 ኒውተን ሜትር በላይ መጥበቅ የለባቸውም፤ የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ በመሆኑ ጉልበት የበዛበት እጅ ጥርሱን ይበላዋል። የሚሞላው ዘይት 2.5 ሊትር ነው።

ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ብልጭታ ሰጪዎች) አውጥታችሁ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በማግሥቱ በዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ መሰል ክብ ብረት) ዳዶ ላይ ቁልፍ አግብታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ቺንጋው አርጅቶ ከተንሸራተተ ትልቁን የታችኛውን ፑሌጃ ተጠቀሙ። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁት።

በእጅ በደንብ ከዞረ በኋላ፣ ካንዴላዎቹ እንደወጡና ብልጭታ እንዳይፈጠር ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ እንደተነቀለ፣ በሞተሪኖ (በባትሪ ኃይል ሞተሩን በሚያስነሣው) አዙሩት። ያለ ካንዴላ ጭመቅ ስለሌለ በብሮንዚኖቹ ላይ የሚያርፈው ጫና በጣም ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ አትለፉ፤ ሞተሪኖው እንዳይግል በየመሃሉ አሳርፉት። የምትጠብቁት የዘይቱ መብራት (የዘይት ግፊት ሲጎድል የሚበራው ማስጠንቀቂያ) እስኪጠፋ ነው። እሱ ሳይጠፋ ካንዴላ አይመለስም።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በመብራቱ ላይ ግን ይህን ያህል እምነት መጣሉ አይዋጥልኝም። የዘይቱ ስዊች (መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው) የሚከፍተው እጅግ አነስተኛ በሆነ ግፊት፣ ከግማሽ ባር በታች ስለሆነ፣ መብራቱ መጥፋቱ ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያለውን ስዊች ፈትታችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ እሰሩ። በዚያው ቀዳዳ በዘይት ቆርቆሮ አዲስ ዘይት ገፍቶ መሙላትም ይቻላል፤ ፓምፑ በባዶ ከመልፋት ይድናል። የቫልቮቹን ክዳን ግራና ቀኝ ከፍታችሁ በሮከሮቹ (ቫልቮቹን በሚገፉት ክንዶች) ላይ በእጅ ዘይት ማፍሰስም አይዘንጋ፤ እዚያ ዘይት የሚደርሰው ሮከሮቹን በሚገፉት ዘንጎች ባዶ ውስጥ አልፎ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ዘይቱ ቤንዚን ይሸታል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አጋጠመኝ፤ ባትሪ አስረን ቁልፉን ስንከፍት የዘይቱ መብራት ከመጀመሪያውም አይበራም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው?

መልስ 1

አይደለም፤ እንዲያውም የሚያሳስት ነገር ነው። ሞተሩ ቆሞ ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ የግድ መብራት አለበት። ሽቦውን ከስዊቹ ላይ ነቅላችሁ የሞተሩን ባዶ ብረት አስነኩት። መብራቱ ከበራ ጥፋቱ የስዊቹ ነው፤ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። የእናንተ መኪና የ6 ቮልት ነውና፣ ያሰራችሁት ባትሪ ባለ 12 ከሆነ አምፖሉን ያቃጠለው እሱ ሊሆን ይችላል። በከተማችን ይህ የተለመደ ነው፤ ሞተሪኖው በ12 ስለሚፈጥን ሰው ደስ ይለዋል፣ አምፖሎቹ ግን አይችሉትም።

ጌጅ ይታሰር የተባለው ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። በሞተሪኖ ብቻ ሲዞር ቀስቱ ከዜሮ ተነሥቶ ጸንቶ ከቆመ ይበቃል። ደጋግማችሁ አዙራችሁ ቀስቱ ካልተነቃነቀ አቁሙ፤ ፑሌጃውን አንሥታችሁ የፓምፑን ክዳን በመክፈት ጥርሶቹ መሃል ቫዝሊን ሙሉበት፤ ቫዝሊኑ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ፓምፑ ዘይቱን መሳብ ይጀምራል፣ በኋላም ከዘይቱ ጋር ይቀልጣል። ከፓምፑ ወረድ ብሎ በግራ በኩል ያለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭም ፈትታችሁ እዩት። በጭቃ ተከፍቶ ከቀረ ግፊት አይገኝም፤ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ወፍራሙ ቀዝቃዛ ዘይት የዘይት ማቀዝቀዣውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ግፊቱ ከ2 ባር በታች ከወረደ ብሮንዚኖቹ ወይም ፓምፑ አልቀዋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩትና ያንኑ አዲስ ዘይት በሙቁ አፍስሱት፤ ወንፊቱንም እንደገና ክፈቱት። በወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካገኛችሁ ፎቶውን እዚህ ለጥፉልን።