ለጉዞ አንድ ሌንስ ብቻ፦ 18-135 ወይስ 18-200?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሐዋሳ ነው። ካሜራዬ ካኖን 250ዲ ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 (ቁጥሮቹ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ናቸው፤ ትንሹ ሰፊ እይታ ይሰጣል፣ ትልቁ ሩቁን ያቀርባል)። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ በ18 ማንሳት ደስ ይላል። ዓሣ በሉ ንስር ዛፍ ላይ ሲያርፍ ግን በ55 ነጥብ ያክላል።

ከጓደኛዬ 75-300 ተዋስኩ። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፤ ማለዳ በ300 ያነሳሁት ሁሉ ደበዘዘ። የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/500 ሰከንድ ሳሳድገው አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200 ደረሰና ምስሉ ሻከረ። ከሁሉ የባሰው ሌንስ መቀያየሩ ነው፦ ታቦር ተራራ ላይ ስቀይር አቧራ ገብቶ አሁን ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ይታየኛል።

በሚቀጥለው ወር ወንዶ ገነትና ባሌ ተራሮች ያለው ዲንሾ እሄዳለሁ፤ መንገዱ በእግር ስለሆነ ከአንድ ሌንስ በላይ አልይዝም። የካኖን 18-135 ዩኤስኤም (የትኩረት ሞተሩ ዓይነት ነው) 515 ግራም፣ 18-200 ደግሞ 595 ግራም ነው፤ ሁለቱም መንቀጥቀጥ ይከላከላሉ። 80 ግራም ለእኔ ምንም አይደለም፤ የሚያሳስበኝ የደጋ አጋዘኑ ፀጉር ጥርት ብሎ መታየቱ ነው።

ሁለቱንም የሞከራችሁ፣ በ18-200 እስከ 200 ስቦ ማንሳት ይሻላል ወይስ በ135 አንስቶ ዳር ዳሩን መቁረጥ?