ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ፦ ስንት ገጽ፣ ጽሑፉ የት፣ የልጅቷስ መልክ?

ቀለሟ
ጤና ይስጥልኝ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ተረት እየሣልኩ ነው። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ከደሴ ተነስታ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ትወርዳለች፤ ጭላዳም ግመልም አለበት። መጽሐፉ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የምሠራው በውሃ ቀለም ኤ3 ወረቀት ላይ። ስንት ገጽ ይሁን? ጽሑፉን በእጄ ሥዕሉ ላይ ልጻፈው? ልጅቷስ በየገጹ ሌላ ሰው እንዳትሆንብኝ ምን ይሻላል?

ገጽ ቆጣሪ
አብሽሪ፣ የገጹ ነገር ቀላል ነው። መሐሉን በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ ከሽፋኑ ሌላ 24 ይበቃሻል። ገጽ 1 ርዕስ፣ ከ2 እስከ 23 ተረቱ፣ ገጽ 24 የመብት መረጃ። ተረቱ 11 ጥንድ ገጽ ያገኛል ማለት ነው። ቀለም ከመንካትሽ በፊት 6 ወረቀት አጥፈሽ ትንሽ ናሙና ሥሪና በእርሳስ ሞነጫጭሪበት። «ያ ምንድን ነው?» የሚለው ቀኝ ገጽ ላይ ይሁን፣ ግመሉ ሲገለጥ ይምጣ።

ኤ3ው ግን ጉድ ይሠራሻል። ጥንድ ገጽሽ 42 ሴንቲ ነው፣ የኤ3 ርዝመትም ልክ 42። ማተሚያ ቤት ደግሞ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ቢያንስ 42.6 በ21.6 መሆን አለበት። ትርፉ ከሌለ ቢላዋው ትንሽ ሲዛነፍ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ከኤ3 የሰፋ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ያዢ፤ ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተርና ስካን ሲደረግ ጥላ ያወጣል። ስካኑ ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያዙ ነጥቦች ብዛት) አይነስ። ፊት ደግሞ መሐል ስፌቱ ላይ እንዳይወድቅ።

ፊደል ለቃሚ
በእጅሽ ሥዕሉ ላይ አትጻፊ። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ሥዕሉን ሁሉ እንደገና ልትሠሪ ነው። ጽሑፉ በኮምፒውተር ለብቻው ይግባ፤ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች የተደባለቀ ጥቁር፣ ህትመቱ ትንሽ ከተዛነፈ ፊደሉን ያደበዝዘዋል።

የፊደሉ መጠን ኮምፒውተሩ ላይ ከ20 እስከ 24 ነጥብ (ፖይንት)፣ የመስመሩ ርቀት የፊደሉ አንድ ተኩል ያህል። «ቡ» እና «ቢ»ን እዩት፦ የሚለያቸው በጎን ያለችው ጭረት መሐል ላይ ወይም እግር ሥር መሆኗ ነው። የገበያ ግርግር ላይ ከጻፍሽው ያቺ ጭረት ትጠፋለች፣ ማንበብ የሚጀምር ልጅ ደግሞ የሚፈልገው እሷኑ ነው። ሰማዩን ወይም የመንገዱን አቧራ ባዶ ትተሽ እዚያ አስቀምጪው።

የጦሳ ልጅ
ለልጅቷ መጀመሪያ የመልክ ገጽ ሥሪ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትሮጥ፣ ስትቀመጥ። የ5 ዓመት ልጅ ከሆነች ቁመቷ የጭንቅላቷ 5 እጥፍ ገደማ ነው፤ አያትዬው ደግሞ 7 እጥፍ ገደማ። የማይለወጥ ምልክት ስጫት፣ ሹሩባና ቀይ ቀሚስ ለምሳሌ። የቀሚሱ ቀለም ሳይደባለቅ ከአንድ ቱቦ ይውጣ፤ የተደባለቀ ቀለም በየቀኑ ይለያያል።

አሁን ስለ አገሩ። ጭላዳን ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰዓሊ ብዙ ነው። ጭላዳ መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሣር እየነጨ የሚበላ፣ ማታ ገደል ላይ የሚያድር የደጋ እንስሳ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ መላጣ አለው፣ ወንዱ ጎፈር። ስለዚህ ደጋው ላይ ይቅር፣ ባቲ እንዳታወርጂው! ቀለሙም አብሮ ይውረድ፦ ደሴ ላይ ባሕር ዛፍና ቀዝቃዛ አረንጓዴ፣ ባቲ ላይ ግራርና ሞቅ ያለ ቡኒ። የአያትዬው ጋቢም ደሴ ላይ ይልበሱት፣ ባቲ ሲደርሱ ትከሻቸው ላይ ጣል ያድርጉት።