ስድስቱ የኮንግረስ አባላት «ሴዲሽን» ፈጽመዋል? (ክርክር)

ጥያቄ አለኝ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ስድስት ዴሞክራት የኮንግረስ አባላት ለወታደሮች «ሕገ ወጥ ትእዛዝ አለመቀበል ትችላላችሁ» የሚል ቪዲዮ ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሞት የሚያስቀጣ ሴዲሽን (በመንግሥት ላይ አመፅ ማነሳሳት) ነው ብለው ጻፉ። እውነት በሞት ያስቀጣል? በሕጉ አስረዱኝ፤ የፓርቲ ስድብ ይቅርብን።

ዳኘው፦ ለሲቪል ሰው የሚጠቀሰው የፌዴራል ወንጀል ሕጉ ቁጥር 2384 ነው፤ እሱም የሴዲሽን ሴራ ይባላል። ዓቃቤ ሕግ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መስማማታቸውን፣ የተስማሙትም መንግሥትን በኃይል ለመጣል ወይም የአንድን ሕግ አፈጻጸም በኃይል ለማገድ ወይም ለማዘግየት መሆኑን ማስረዳት አለበት። «በኃይል» የምትለዋ ከወጣች ክሱ ይወድቃል። ቅጣቱም ቢበዛ 20 ዓመት ነው። ሞት የለበትም።

ኮሎኔሉ፦ ወንድም ዳኘው፣ ግማሹን ዋጥከው። ሞት ያለው በወታደራዊው ሕግ አንቀጽ 94 ነው። ሕጋዊውን የሲቪል ሥልጣን ለመጣል አስቦ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ አመፅ ወይም ሁከት የፈጠረ በሞት ሊቀጣ ይችላል፤ እያወቀ ያልጠቆመ እንኳ ይጠየቃል። ከስድስቱ አንዱ ሴናተር ማርክ ኬሊ ደግሞ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ካፒቴን ናቸው። ጡረተኛ መኮንን ከዚህ ሕግ ሥር አይወጣም። ፔንታጎን አምስቱን ትቶ እሳቸውን እመረምራለሁ ያለው ለዚህ ነው። ደግሞስ የትኛው ትእዛዝ ሕገ ወጥ እንደሆነ ሳይናገሩ ለሠራዊት በጅምላ «እምቢ በል» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኮሎኔል፣ ማዕረጋቸው የሚዳኙበትን ችሎት ይቀይር ይሆናል፤ አመፅ ግን አይወልድም። አንቀጽ 94 «የፈጠረ» ነው የሚለው። የቱ ክፍለ ጦር አመፀ? አንቀጽ 92ም ቢሆን የሚቀጣው ሕጋዊ ትእዛዝን የጣሰ ነው። ሰዎቹ የተናገሩት በማሠልጠኛ የሚሰጠውን ትምህርት ነው።

ጥያቄ አለኝ፦ ታዲያ በአሜሪካ ንግግር ብቻውን በዚህ ስም አስቀጥቶ አያውቅም?

ዳኘው፦ በደንብ አስቀጥቷል እንጂ። የ1798ቱ የሴዲሽን ሕግ መንግሥትን በሐሰት የወረፈ እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዶላር ይቅጣ ይል ነበር። የቬርሞንቱ የኮንግረስ አባል ማቲው ላየን 4 ወር ታሰረ፤ እስር ቤት ሆኖ እንደገና ተመረጠ (መራጮቹ የሰጡት መልስ ከፍርዱ ይበልጣል)። በ1918 ደግሞ የሶሻሊስቱ መሪ ዩጂን ደብስ ለአንድ የፀረ ጦርነት ንግግር 10 ዓመት ተፈረደበት። ያ በር የጠበበው በ1969 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብራንደንበርግ ውሳኔ ነው፦ ንግግሩ ወዲያው የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ የታለመና ያንንም ሊያመጣ የሚችል ካልሆነ አያስቀጣም።

«በኃይል» ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የኦዝ ኪፐርስ የተባለውን የታጠቀ ቡድን መዝገብ ይመልከት። መሪው ስቱዋርት ሮድስ፣ የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ካፒቶል ሕንፃ በወረሩበት ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕንፃው ውስጥ አልገባም። ያስፈረደበት የጽሑፍ መልእክቱና ቡድኑ ለፈጥኖ ደራሽ ብሎ አርሊንግተን ሆቴል ውስጥ ያከማቸው ጠመንጃ ነው። ጁሪው እሱንና የቡድኑን አባል ኬሊ ሜግስን በሴዲሽን ሴራ ጥፋተኛ ሲል፣ አብረዋቸው የቀረቡትን ሦስቱን ከዚሁ ክስ ነፃ አውጥቷል። ሮድስ 18 ዓመት ተፈርዶበት በ2025 በትራምፕ ውሳኔ ተፈታ። ሚሺጋን ላይ ደግሞ የሁታሪ ሚሊሻ አባላት ፖሊስ ስለመግደል ሲያወሩ ተቀርጸው ሳለ፣ በ2012 ዳኛዋ የሴዲሽኑን ክስ ውድቅ አደረጉት። ፉከራው ቢሰማም በፌዴራሉ መንግሥት ላይ የተጨበጠ ስምምነት አልታያቸውም።

ሸገር፦ አገር ቤት ያላችሁ ይህን በእኛ አንቀጽ 238 ዓይን አታንብቡት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሕገ መንግሥቱን ስለ መናድ ሲናገር «በኃይል፣ በዛቻ፣ በአድማ» ብሎ አይበቃውም፤ «ወይም ሕገወጥ በሆነ በማናቸውም መንገድ» ይላል። ቅጣቱ ከ3 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከብድም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በእንዲህ ያለ ሰፊ አንቀጽ ተከሳሽ ጠመንጃ አልያዝኩም ብሎ አይድንም።

ኮሎኔሉ፦ እሺ፣ ሞት የተባለው ተጋኗል። እኔ ኬሊን ብከስ ግን 94ን አልነካም። አንቀጽ 133 መኮንንን የማይመጥን ምግባር ይላል፤ 134 ሥርዓትንና ዲሲፕሊንን የሚጎዳ ድርጊት ይላል። ሁለቱም ኃይል አይጠይቁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚያ ከወረዱማ ሴዲሽኑ ቀርቷል። የቀረው አንድ ሴናተር ተናግሮ በጦር ፍርድ ቤት ይቅረብ ወይ የሚለው ነው፤ እሱን በሌላ ርዕስ ይክፈቱት፣ እመጣለሁ።