የቤት ለቤት እንክብካቤ ጥያቄያችን፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት

ጸሐፊዋ፦ በድሬዳዋ በየሰፈሩ ወላጆቻችንን የምንጦር ልጆች ለመንግሥት የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመንግሥት በጀት የሰለጠነ ሰው በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን የአልጋ ቁራኛ አዛውንት ያለበት ቤት ይምጣ። የሚያስታምመው ልጅ ያኔ ወጥቶ ይሥራ፣ ወይ ይተኛ። ከከተማ ሴፍቲኔት፣ ከችግረኞች መደገፊያው የመንግሥት ፕሮግራም ጋር አታምታቱት። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ድሬ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ግን ቀጥታ ድጋፉ ለችግረኛ የሚሰጥ ብር ነው። ብር ሰው አያገላብጥም።

ከሳቢያን፦ መግቢያው ላይ «ጧሪ ላጡ አረጋውያን» ይላል። እኔ እያለሁ እናቴ ጧሪ አጣች? ይሄ ካልወጣ ስሜን ሰርዙ።

ከከዚራ፦ የኔንም። ጎረቤት ቢያነበው ምን ይላል?

ገንዘብ ያዥ፦ አቦ ቃል እኮ ነው! እንደዚያ ካላልን ማን ይሰማናል?

ከሳቢያን፦ ላንተ ቃል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጣት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ መብራት ሲጠፋ ሌሊቱን በካርቶን አራግብላታለሁ። አንሶላው ቁስሏ ላይ ይጣበቃል። ውሃ እያስነካሁ ቀስ ብዬ ነው የማላቅቀው። ወገቤ አልቋል። የስፌት መኪናዬን ሸጫለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጧሪ የላትም ብዬ ልፈርም?

ከመጋላ፦ «አስታማሚ» በሉትና ይለቅ።

ከለገሃር፦ አስታማሚ ለበሽተኛ ነው። አባቴ ባቡር ላይ 32 ዓመት ሠርቶ አረጀ እንጂ አልታመመም።

ገንዘብ ያዥ፦ ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ቃል! እህቴ ጀርመን ናት። እዚያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንክብካቤ መድን አለ። ልጅ ወላጁን ቤት ከያዘም በየወሩ ብር ይከፈላል። ጧሪ አጣ የሚል የለም።

ከሳቢያን፦ እንግዲያው ብሩ ለእኛ ይሁን በሉ። የማላውቀው ሰው የእናቴን ገላ አያጥብም።

ጸሐፊዋ፦ የተነሳንበት እረፍት ነበር። ብሩ ሲመጣ ማን ይተካሻል?

ከከዚራ፦ ሰው የሚላክ ከሆነ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ ይጻፋል። ቤት ለቤት ዞረን እንመዘግባለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት ገባችሁ? ከማክሰኞ ወዲህ ድምፃችሁ የለም።

ከመጋላ፦ አንዱ ጅቡቲ ሄዷል። ሌላው ስልክ አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ የሳቢያኗ እህቴ፣ ቅድም ተናግሬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። «ልጆቻቸው ለሚጦሯቸው አረጋውያን» ብዬ ቀይሬዋለሁ።

ከሳቢያን፦ እሱ ይሁን። አልተቀየምኩም፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው።

ከለገሃር፦ ስንት ቤት እንደሆነ ሳናውቅ ሰው ላኩ ማለት ይከብዳል። ለጊዜው የአየር ፍራሽና ዊልቸር እንጠይቅ። እሱ ቶሎ ይገኛል።

ከመጋላ፦ ዳይፐርም ይጨመር። ዋጋው አልተቻለም።

ከከዚራ፦ እደግፋለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ፍራሹ ለቁስሉ ይጠቅማል። እኔን ግን አንድ ሰዓት አያስተኛኝም። እሺ፣ ፍራሽ፣ ዊልቸርና ዳይፐር ከላይ ይግቡ። ሰው የሚለው 4ኛ ላይ ይቀመጥ፣ ማንም እንዳያወጣው። እናቴ እየጠራችኝ ነው፣ ስመለስ አስተካክለዋለሁ።